ብናኙ የማን እጅ ነው? የዓይን ቀለም፣ የአፋር ፊት እና የአይዳ ሙሉነህ «ዋተር ላይፍ»

«ኩሉን ማን ኳለሽ» የሚለውን የሠርግ ዜማ ያልሰማ ሰው በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሙላቱ አስታጥቄ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበሙ ቃሉን ትቶ ዜማውን በመሣሪያ ብቻ ሲጫወተው፣ ርዕሱ ጥያቄ እንደሆነ ቀርቷል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የጥያቄው ዓይነት ነው። ዓይንሽ እንዴት ያምራል አይልም። ኩሉ ከየት ተገዛ፣ ስንት ወጣበት አይልም። የሚጠይቀው ማን እንደኳላት ነው። ሙሽራዋ መስታወት ፊት ለብቻዋ ተቀምጣ እንዳልተኳለች፣ አገጯን ይዞ «ቀና በይ፣ ወደ ላይ እዪ» ያላት ሌላ ሰው እንደነበረ ጥያቄው ራሱ ያውቃል።

እዚህ ያንን ጥያቄ ከሠርግ ቤት አውጥቼ ወደ ፎቶግራፍ ልወስደው ነው። በተለይ ወደ አይዳ ሙሉነህ «ዋተር ላይፍ»፣ አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ወደተነሳው፣ ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ ሳታዩት ወደማትቀሩት ሥራ። ክርክሬ አጭር ነው። ስለ አፋር የምናያቸው ምስሎች ወይ ፊቱን ይዘው የኳለውን እጅ ይጥሉታል፣ ወይ ቀለሙን ይዘው ፊቱን ይሸፍኑታል። ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ስለ ብናኙ ራሱ መነጋገር አለብን። ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ የምሠራው ሰመራ ነው። ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር።

አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ

አማርኛ ለመዋቢያ ዕቃ ሁሉ ያወጣው ስም ከዓይን የተነሳ ነው። ኩል፣ ኳለ፣ ተኳለ፤ ከዚያ መኳኳል፣ መኳኳያ። ሊፕስቲኩም ፋውንዴሽኑም በኩል ስም ነው የሚጠራው። ግዕዙ ኵሕል፣ ዓረብኛው ኩሕል ይለዋል። ዓረቦች በጣም የላመ ዱቄትን «አል ኩሕል» ይሉት ነበርና ቃሉ በላቲን በኩል አውሮፓ ገባ። መጀመሪያ የላመ ዱቄት ማለት ነበር፤ ቀጥሎ የአንድ ነገር ንጥር፣ በመጨረሻ የወይን ንጥር ማለት ሆነ። ዛሬ «አልኮል» የምንለው ነገር ስሙን ያገኘው ከዓይን ዱቄት ነው ማለት ነው። አስቂኝ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይነግረናል። ሰዎች ከዚህ ነገር መጀመሪያ ያስተዋሉት ጥቁረቱን ብቻ አይደለም፤ ልመቱንም ነው።

ቃሉ ደግሞ ሁለት ሥራ አለው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 9፣ ኤልዛቤል ሞቷ ሲቃረብ ዓይኗን ተኩላ በመስኮት ትመለከታለች። ከዚያ ወዲህ ስንት ሴት በኤልዛቤል ስም እንደተሰደበች ቤታችሁ ይቁጠረው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ግን ለሎዶቅያ ሰዎች ማየት እንዲችሉ ኩል እንዲገዙ ይመከራሉ። እዚያ ኩል መድኃኒት ነው። በእስልምናም ነቢዩ እስሚድ የተባለውን ኩል እንደመከሩ፣ ዓይን ያጠራል፣ ሽፋሽፍት ያበቅላል እንዳሉ በሐዲስ ይነገራል። በዚህ የተነሳ በአዋሽ ሸለቆ ኩል የሴት ብቻ አይደለም። ዓርብ ሰመራ መስጊድ ደጃፍ ላይ ዓይናቸውን የተኳሉ ሽማግሌ ማየት ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ አንድ ወጣት ወንድ ዓይኑን ተኩሎ ቪዲዮ ቢለጥፍ የሚወርድበትን ስድብ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዕቃው አንድ ነው፤ ፍርዱ የሚለያየው በተመልካቹ ነው።

ስለዚህ ኩል ሲባል ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ማን ታየ? ማንስ አየ? ዓይን የሚያስጌጠውና ዓይን የሚያበራው በአንድ ስም የሚጠራበት ቋንቋ ይዘን ምስል ስንተች ሁለቱንም መጠየቅ መቻል አለብን።

የሚያብረቀርቀው ነገር

የድሮው ኩል ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ማዕድን፣ ጋሊና ከሚባለው ድንጋይ ይሠራ ነበር። ድንጋዩ ሲሰበር እንደ ብር ያበራል። ሲፈጭ ይጠቁራል፤ ግን ጭል ጭል የሚል ነገር ውስጡ ይቀራል። ማለትም ዛሬ «ሺመር» ብለን የምንገዛው ነገር ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አዲሱ ማዕድኑ ነው።

የዛሬው የሚያብረቀርቅ የዓይን ዱቄት ባብዛኛው ሚካ ነው። ሚካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ የሚላጥ ድንጋይ ነው። ቅርፊቱ ላይ በጣም ስስ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሽፋን ይደረግበታል። ብርሃን ከሽፋኑ ላይኛውና ታችኛው ገጽ እየነጠረ ሲገናኝ ቀለም ይፈጠራል፤ ሽፋኑ ሲወፍር ወይ ሲሳሳ ቀለሙ ይለወጣል። አዋሽ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ከባድ መኪናዎች ከሚቆሙበት ሥፍራ ኩሬ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ሲሆን አይቷል። ያው ነው።

የተጠቀጠቀው አይሻዶው በማጣበቂያ የታሰረ ነው፤ በብሩሽ ነካ ስታደርጉት ልኩን ይሰጣችኋል። ያልተጠቀጠቀው፣ በትንሽዬ ብልቃጥ የሚሸጠው ብናኝ ግን የሚያስረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይበልጥ ያበራል፤ ይበልጥም ይበናል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ባሕርዩ ነው። ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ሚካው ከየት ይመጣል? ከዋነኞቹ ምንጮች አንዱ የሕንድ ጃርክሃንድና ቢሃር ነው። እዚያ ሕፃናት ጠባብ ጉድጓድ ገብተው እንደሚለቅሙት በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሪስፖንሲብል ሚካ ኢኒሺዬቲቭ» የሚባል ማኅበር እስከማቋቋም የደረሱት ለዚህ ነው። ማዳጋስካርም ተመሳሳይ ወሬ አለባት። ወደኛ አገር ደግሞ እንደ አብዛኛው የገቢ ዕቃ በጅቡቲ ይገባል። መንገዱን አስቡት። ኮንቴይነሩ ገላፊን አልፎ፣ ሰመራን በአጠገቧ ጥሎ፣ ሚሌ፣ አዋሽ፣ ከዚያ ሞጆ። መርካቶ ይራገፋል። ከዚያ ግማሽ ካርቶኑ በአውቶቡስ ጣሪያ ወይ በሹፌር አደራ የመጣበትን መንገድ ተመልሶ ሎጊያና ሰመራ ሱቅ ይደርሳል፤ ዋጋውን ጨምሮ። በደጃችን ያለፈውን ብልጭታ ከአዲስ አበባ ነው የምንገዛው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምስሉም እንደዚያው ነውና።

ቬንትሌተሩ ሲጠፋ

በአማርኛ የሚሠሩ የሜካፕ ቪዲዮዎችን እከታተላለሁ። አብዛኛዎቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ሁሉም የተሠሩት ላብ ለሌለበት ክፍል ነው። ሰመራ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ክፍሉ ውስጥ ቬንትሌተር ካልዞረ ፊት አይደርቅም፤ ቬንትሌተር ከዞረ ደግሞ የብናኙን ክዳን መክፈት ማለት ገንዘብን ለነፋስ መስጠት ነው። እና ምን ይደረጋል? ሰመራ የውበት ሳሎን ውስጥ በተደጋጋሚ የምሰማው ትእዛዝ አንድ ነው፦ «ቬንትሌተሩን አጥፊው፣ ቶሎ በይ!» ከዚያ ሦስት ወይ አራት ደቂቃ አለ። ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል።

አሠራሩ ይኸው ነው። ዓይን ከፋውንዴሽን በፊት ይሠራል፤ ምክንያቱም የሚራገፈው ጉንጭ ላይ ስለሚወድቅ ከተቀባ በኋላ ማንሳት ዕዳ ነው። ቆቡ ላይ በጣም ስስ ፕራይመር ወይ ኮንሲለር ይነካል፤ ወፍራም ከሆነ በላብ ተሰብስቦ እጥፋቱ ውስጥ መስመር ይሠራል። ብሩሹ በውኃ ይረጥብና በሶፍት ይጨመቃል። ብናኙ ክዳኑ ላይ ትንሽ ይፈሳል እንጂ ብሩሹ ብልቃጡ ውስጥ አይነከርም። ከዚያ ዋናው ነገር፦ አይጠረግም፤ ይጫናል። ከመሃል ቆብ ጀምሮ ጫን፣ አንሳ፣ ጫን፣ አንሳ። መጥረግ ብናኙን ይበትነዋል፤ መጫን ቅርፊቶቹን በጠፍጣፋቸው ያስተኛቸዋል፤ ብልጭታው የሚመጣውም ከዚያ ነው። ብዙዎች ብሩሹን ትተው በቀለበት ጣት ይሠሩታል፤ የጣት ሙቀት ጥሩ ያጣብቃል። ኩሉ በመጨረሻ ይመጣል፤ ያበራውን ዙሪያ ይዘጋል። ለካርድና ለአበባ ማስጌጫ የሚሸጠውን ትልልቅ ግሊተር ግን ዓይናችሁ አጠገብ አታድርሱት፤ ጠርዙ ስለት ነው። ሌንስ የምታደርጉም ተጠንቀቁ።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ይህ ለብቻ አይሠራም ማለት ይቻላል። አንዱን ዓይን ጨፍኖ፣ ቬንትሌተር አጥፍቶ፣ ሶፍት ከታች ይዞ፣ በሌላ እጅ መጫን ጠንቋይ ይፈልጋል። የተጠቀጠቀው አይሻዶው የብቸኛ ሰው ዕቃ ነው፤ ታክሲ ውስጥም ይሠራል። ብናኙ ግን ሁለተኛ ሰው ይጠይቃል። አዋሽ ሳድግ ያየኋት የኩል ብልቃጥም እንደዚያው ነበረች። ቀጭኗን ዘንግ ምራቅ ሳያስነካት ጠርጎ፣ «የኔ ልጅ፣ አትጠቅሺ» እያለ የሚኩል አክስት ወይ ጎረቤት ነበረች። አፋሯም፣ አርጎባዋም፣ ኦሮሞዋም፣ አማራዋም ያን ዘንግ እንዴት እንደሚይዙት ልዩነት አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ምንም ያህል ብትጠነቀቁ የሆነ ነገር ይወድቃል። ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ሁለት ሦስት ብልጭታ ይኖራል። የቀባቻት ልጅ ጣት ላይም አለ፤ እስከ ማግስቱ። ከሙሽራዋ ሚዜዎች መካከል ማን እንደቀባት ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ እጅ ማየት ይበቃል። ለእኔ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ የወደቀ ብናኝ ነው። ጌጡ በሰው እጅ እንደተሠራ የሚመሰክር እሱ ነው።

ፊቱ አለ፣ እጁ የለም

አሁን ወደ ምስሎቹ። የውጭ ሰው ካሜራና ማስታወሻ አዋሽን ተከትሎ መውረድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዊልፍሬድ ቴሲጀር አዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 የወንዙን መጨረሻ ፍለጋ አቤ ሐይቅ ድረስ ሲሄድ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ጀግና መንገደኛ ነው፤ አልክድም። ግን ስለ አፋር ለዓለም የቀረው ወሬ በአብዛኛው ስለ መግደልና ስለ ግዳይ ምልክት ሆነ። አፋር ማለት የሚያስፈራ ፊት ማለት ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ፍርሃቱ ወደ አድናቆት ተለውጧል፤ አቀማመጡ ግን ያው ነው። ኤርታ አሌንና ዳሎልን ሊያይ የሚመጣ ፎቶ አንሺ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ የአፋር ሴት ፊት ይዞ ይመለሳል። ፀጉሯ በቀጭኑ የተሠራ፣ ጨሌ አንገቷ ላይ፣ ጉንጯ ላይ የውበት ብጣት፣ ዓይኗ የተኳለ። ብርሃኑ ግሩም ነው፤ ዓይኗ ሌንሱን ይወጋዋል። ከታች የሚጻፈው ስም ግን የሷ አይደለም። «የአፋር ሴት» ይላል፤ የፎቶ አንሺው ስም ደግሞ በሙሉ ይጻፋል። ፀጉሯን ማን ሠራው? ዕለቱ ምን ነበር? ሠርግ ነበር ወይስ ገበያ? ኩሏ ትናንት የተኳለ ነው ወይስ እንግዳ መጣ ሲባል? መልስ የለም። እነዚህ ሰዓት የፈጁ፣ ሰው ለሰው የሠራቸው ነገሮች ሁሉ ከቆዳዋ ጋር አብረው የበቀሉ ይመስል «ጎሳ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላሉ።

አንድን ሰው የለበሰውን እንደ ተፈጥሮው ማየት፣ ሌላውን ደግሞ እንደ ምርጫው ማየት፣ ይህ ነው ልዩነቱ። የፓሪስ ሞዴል ዓይኗ ላይ የወርቅ ብናኝ ሲደረግ የሜካፕ አርቲስቱ ስም መጽሔቱ ላይ ይሰፍራል። አፋምቦ ላይ ሲሆን ባሕል ይባላል። ባሕል ስም የለውም፤ ክፍያም አይጠይቅም።

ቀለሙ አለ፣ ፊቱ የለም

የአይዳ ሙሉነህ «ዋተር ላይፍ» ለዚህ ሁሉ ምላሽ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ በቁም ነገር መታየት ያለበትም ለዚህ ነው። አይዳ እ.ኤ.አ. በ1974 ኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ ወጥታ በየአገሩ ያደገች፣ ዋሽንግተን ውስጥ በጋዜጣ ፎቶ አንሺነት የሠራች፣ በ2007 ወደ አዲስ አበባ የተመለሰች፣ በ2010 «አዲስ ፎቶ ፌስት»ን የመሠረተች ናት። «ዋተር ላይፍ» 12 ፎቶዎች አሉት። ዋተርኤይድ የሚባለው የውኃ ድርጅት በኤች ኤንድ ኤም ፋውንዴሽን ድጋፍ ነው ያሠራት። በ2018 ተሠርቶ በ2019 ለንደን፣ ሳመርሴት ሐውስ ታይቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው።)

ሥራውን የማታውቁ ካላችሁ፦ ሴቶች፣ ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ፊታቸው በቀለም የተሸፈነ፣ የውኃ ጀሪካንና እንስራ፣ ከኋላቸው የዳሎል ጨውና ሰማይ። ርዕሰ ጉዳዩ ውኃና ውኃ የምትቀዳው ሴት ሸክም ነው። አይዳ የለመድነውን የመከራ ምስል ሳትደግም ስለ ችግሩ መናገር እንደፈለገች ገልጻለች። ተሳክቶላታል። ውኃ የጠማቸውን ሰዎች ስንት ዘመን ያየናቸው ዝንብ ዓይናቸው ላይ አርፎ ነው። እዚህ ያሉት ሴቶች ግን ለምጽዋት አይለምኑም። ቆመዋል፣ ያያሉ፣ እንደ ንግሥት ይከብዳሉ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለዚህ ገንዘብ መስጠቱ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው። ቀለም የተቀባ ፊት ማልቀስ አይጠበቅበትም፤ ጭምብሉ ክብር ይሰጣል። ይህን ሳልመሰክር ብተች ግፍ ነው።

ግን ሰመራ ተቀምጬ ሳየው የሚጎድለኝ ነገር አለ። ዳሎል እዚህ ሥራ ውስጥ ምንድን ነው? መጋረጃ ነው። በዓለም ከሚታወቁ በጣም ሞቃት ቦታዎች አንዱ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲለካ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ የሆነበት ምድር ነው። አፋሮች ጨው ሲቆርጡበት፣ ግመል ሲጭኑበት የኖሩ ናቸው። በምስሉ ግን ንጹሕ፣ ባዶ፣ ቢጫና ነጭ ገጽ ነው። ሰው የማይኖርበት ስቱዲዮ። የሴቶቹም ፊት በቀለም ስለተሸፈነ ከየት እንደሆኑ መለየት አይቻልም፤ እንዲለይም አልተፈለገም። ማንኛዋም ሴት እንዲሆኑ ነው የተፈለገው። «ማንኛዋም» ለመሆን ግን የግድ እዚሁ ምድር ላይ መቆም ለምን አስፈለገ?

አይዳ የፊት ቀለሟ ከባሕላዊ የአካል ጌጥ የተነሳ እንደሆነ ትናገራለች። እሺ። ከአፋር ግን ምን ወሰደች? የአፋር የፊት ጌጥ ትንሽና ቅርብ ነው፤ የኩል መስመር፣ ብጣት፣ ሂና። ፊትን ይበልጥ ፊት ያደርገዋል እንጂ አይከድነውም። «ዋተር ላይፍ» ላይ ያለው ቀለም ተቃራኒውን ይሠራል። ቀደም ሲል በሌሎች ሥራዎቿ ያየነው ቀለም፣ ያው ቀይና ያው ሰማያዊ፣ እስከ ዳሎል ተጉዞ ሳይለወጥ ተመለሰ። ኮንቴይነሩ ትዝ አላችሁ? በሰመራ አጠገብ አልፎ አዲስ አበባ የሚራገፈው?

ፍርዴን በራሷ ሚዛን ልስጥ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) «ዘ ወርልድ ኢዝ ናይን» የተባለ ሥራ አሳይታለች፤ ስሙን የወሰደችው ዓለም ዘጠኝ ናት ከሚለው የአያቷ አባባል ነው። አሥር አትሞላም፤ ሁሌ የሚጎድል አለ። እንዴት ያለ ጥሩ የጥበብ መርሕ! «ዋተር ላይፍ» ላይ ያለው የፊት ቀለም ግን አሥር ሞልቷል። ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ወጥ ነው፣ አንዲት ቅንጣት ጉንጭ ላይ አልወደቀችም። በዚያ ሙቀት ላብ የለም። በዚያ ነፋስ ብናኝ የለም። እንዲህ ዓይነት ቀለም ለመቀባት ሰዓታት፣ ትዕግሥትና ሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋል፤ ምስሉ ግን ያንን ሁሉ ደብቆታል። ሥራው ስለ ድካም ነው፤ የራሱን ድካም ግን አያሳይም። ስለ ሴት ሸክም የሚናገር ምስል ውስጥ ሴት ለሴት የምትሠራው ሥራ የማይታይ ከሆነ ግማሹ ነገር ቀርቷል ባይ ነኝ።

«እና ምን ይጠበስ?» ለሚለኝ

እዚህ ጋ ሁለት ተቃውሞ ይመጣብኛል። የመጀመሪያው፦ «አርቲስት የሠፈር ሽማግሌ አይደለችም፤ ሁሉን ማሳየት ግዴታዋ አይደለም።» ልክ ነው። አይዳ የአፋርን ባሕል ልትመዘግብ አልሄደችም። ግን ትችት ግዴታ መቁጠር አይደለም። ምስሉ የመረጠው ነገር ምን እንዳስገኘለትና ምን እንዳሳጣው መናገር ነው። አስገኘለት፦ ክብር፣ ዓለም አቀፍ መድረክ፣ አዲስ ዓይነት የእርዳታ ምስል። አሳጣው፦ ቦታውን።

ሁለተኛው፦ «ስለ ሜካፕ ይህን ያህል?» የሚል ነው። ለዚህ መልሴ ከአዋሽ በባቡሩ መስመር ወደ ምሥራቅ ይወስዳል። ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች በ2017 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳተሙት፣ 40,000 ዓመት ገደማ ከሚሆነው የዋሻው ንብርብር 4,213 ቁራጭ ቀይ አፈር፣ በክብደት 40 ኪሎ ግራም ያህል፣ ተገኝቷል። ከመፍጫ ድንጋዮቹ ጋር። ሰዎቹ ቀይ፣ ቢጫ ቀይ፣ የላመና ሸካራ ዱቄት እየለዩ ይፈጩ ነበር፤ ያውም ለ4,500 ዓመት ያህል፣ ትውልድ ለትውልድ እያስተማረ። ለቆዳ ይሁን ለሌላ፣ ድንጋዩ አይናገርም። ግን ቀለም አልሞ መፍጨት በዚህ አካባቢ ከእርሻም ከጽሕፈትም በፊት የነበረ ሙያ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ይህን ያህል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ያሳፍረኛል። የድሮውን አወድሼ አዲሱን ለማጣጣል አይደለም የመጣሁት። ጋሊና እርሳስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። አሜሪካ ውስጥ ኩል እንደ መዋቢያ ቀለም አልተፈቀደም፤ ሲገባም ይያዛል። ሁሉም ኩል እርሳስ አለው ማለት አይደለም፤ ከጥላሸት የሚሠራም አለ። ግን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ሕፃን ልጅ ዓይን ላይ ማድረጉ መቅረት አለበት፤ አያት ቢቆጡም። እዚህ ላይ ነው የዘፈኑ ጥያቄ የሚረዳኝ። ዘፈኑ በምን ተኳልሽ አላለም፤ ማን ኳለሽ ነው ያለው። ዱቄቱ ቢለወጥ ምንም አይቀርብንም። ከእርሳስ ወደ ሚካ፣ ከሚካ ወደ ሌላ፣ የሕፃን እጅ ወዳልለቀመው ነገር ሊሄድ ይችላል። አገጭ የያዘው እጅ ከቀረ ግን ነገሩ ቀረ።

ሰመራ ውስጥ በየሳሎኑ የሚሠሩት ልጆች አብዛኞቹ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ናቸው። አንዳንዷ የአፋር ልጅ ናት፣ አንዳንዷ ከደሴ፣ አንዳንዷ ከአዋሽ የመጣች። ሥራቸው በየሳምንቱ በመቶ ስልክ ይነሳል፤ ቲክቶክ ላይ ይዞራል። ሙሽራዋ ትመሰገናለች፣ ፎቶ አንሺው ይመሰገናል፣ ዲኮሩ ይመሰገናል። የቀባቻት ልጅ ስም ግን የለም። ወገኖቻችንን «የአፋር ሴት» ብሎ ስም ነፍጎ የሚለጥፈውን ፈረንጅ ስንወቅስ እኛ ራሳችን ያንኑ እያደረግን ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። በሚቀጥለው ሠርግ ፎቶ ስትለጥፉ፣ ልጅቷ ፈቃደኛ ከሆነች፣ ከፎቶ አንሺው ስም አጠገብ የሷንም ጻፉ። ፎቶ አንሺዎችም ጉንጭ ላይ የወደቀውን ብልጭታ በኤዲቲንግ አታጥፉት፤ ይቆይ። ቀጥሎ ዳሎል ላይ ትልቅ ሥራ የሚሠራ አርቲስት ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ ቀለም ጭኖ ከመምጣቱ በፊት ሰመራ ላይ አንድ ማታ ይደር። ሎጊያ ሳሎን ገብቶ ቬንትሌተሩ ሲጠፋ ይቀመጥ። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይዞ ከሚጫን ጣት የተሻለ ርዕሰ ጉዳይ አፋር ውስጥ ካገኘ ይጥራኝ፤ መጥቼ አያለሁ።